ሸጋ ለስልኩ የነገረችው

ሸጋ ቢሻው ሦስተኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። እሱንም ቢሆን ማለቷን መምህርት ምሥራቅ የምታውቀው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይታ ነው። ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጥያቄ ከሁሉ ቀድማ ሠርታ ደብተሯን በክንዷ ሸፍና የምትቀመጠው እሷ ናት። «ተነሥተሽ ለክፍሉ ተናገሪ» ከተባለች ግን ጠመኔ እንደ ዋጠ ሰው ድርቅ ትላለች፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሷም ትቀመጣለች።

ምሥራቅ የዳንግላ ልጅ ናት። ዳንግላ ላይ ከገበያው እስከ ጋሪ ማቆሚያው ሁሉም ሰው ያወራል፤ ዝም ያለ ካለ ምን ነካው ተብሎ ይጠየቃል። ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤት ተመድባ ስትመጣ ታዲያ ከመንገዱ ጭቃ ይልቅ የልጆቹ ዝምታ ከበዳት። ሸጋ ብቻም አልነበረችም። ብዙዎቹ ቤታቸው የሚያወሩት በአዊኛ ስለሆነ በአማርኛ ሲጠየቁ ቃሉን እስኪያገኙት ድረስ አጠገባቸው ያለው ቀድሞ ይስቅባቸዋል። ምሥራቅ ተቆጣች፤ ለመነች፤ ከረሜላ ገዛች። ከረሜላውን በሉ፤ ዝምታቸውንም ቀጠሉ።

ባለፈው ክረምት እንጅባራ ላይ በቴክኖሎጂ ስለማስተማር ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መብራት ሄደና አሠልጣኙ፣ ሰውየው መቼም ተስፋ አይቆርጥም፣ ፕሮጀክተር እንዴት እንደሚበራ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥሎ አስተማረ። በኋላም ለየትምህርት ቤቱ አንዳንድ ፕሮጀክተር ታደለ። የእነ ምሥራቅን ርእሰ መምህሩ አቶ አዝመራው ተረክበው እንዳይበላሽ ብለው ከነካርቶኑ ቢሯቸው ውስጥ ቆለፉበት። እውነታቸውን ነው፤ እስከ ዛሬ አልተበላሸም።

ምሥራቅ ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት የራሷን ስልክ አወጣች። ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ስልክ ነው፤ ድምፅ ግን ደህና አድርጎ ይቀዳል። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ካለው የዲከረንስ ዛፍ ሥር አንድ ዱካ አስቀመጠችና ልጆቹን ሰብስባ ሕጉን ነገረቻቸው።

«ተራ በተራ ትሄዳላችሁ። ብቻችሁን ናችሁ። ቀዩን ትጫኑና በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ትነግሩታላችሁ። በአማርኛም ይሁን በአዊኛ፤ እሱ ሁለቱንም ይሰማል። ደግሞ ስልክ አይስቅም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ነው የሚያምነው። አበረ የሚባለው፣ ከወንበር ሥር መደበቅ የሚወደው ልጅ፣ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ገበያ ላይ እንዴት እንደምትሸጥ ከነዘዴው ተረከ። ሃና የእናቷንና የአክስቷን ጠብ የሁለቱንም ድምፅ እያወጣች አቀረበችው። ባለቤቱ የፈቀደው ቅጂ ዓርብ ዓርብ ለክፍሉ ይከፈታል፤ ልጆቹም የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው በጣታቸው መካከል ያያሉ። ዓርብ ሲሆን ሆዴን አመመኝ ብሎ የሚቀር ልጅ ጠፋ። ምሥራቅ ደስታዋ ልክ አጣ። ማታ ማታ ብቻዋን ስትሆን ያን የጠመኔ ፕሮጀክተር እያስታወሰች፣ ለካ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ትንሽ ነገር ኖሯል ትላለች።

የሸጋ ተራ የደረሰ ዕለት ልጅቷ ሄዳ ቀረች። ምሥራቅ በመስኮት ብቅ ብላ አየች። ሸጋ ዱካውን ትታ ቆማለች፤ አንድ እጇ ስልኩን ይዟል፣ ሌላው እጇ አየሩን ይቀዝፋል፤ አፏ አያርፍም። ተመልሳ ስልኩን ስትሰጥ ግንባሯ ላብ አውጥቶ ነበር።

«ለክፍሉ ላሰማው?» አለቻት ምሥራቅ።

ሸጋ ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም ነው።

ማታ ምሥራቅ ብቻዋን ከፈተችው። «እንደምን አደራችሁ። እኔ ሸጋ ቢሻው እባላለሁ» ይላል፤ ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሻካራ ድምፅ ነው። ሁለት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ከሄደች በኋላ ወደ አዊኛ ተሻገረችና እንደ ክረምት ወንዝ ወረደችው። የምሥራቅ አዊኛ ድንች ለመግዛት ይበቃል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ስለ አባቷ እንደሆነ ገባት፤ ስለ ፈረስም እንደሆነ ገባት፤ መሐል ላይ ልጅቷ ራሷ ስትስቅ ምሥራቅም አብራ ሳቀች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምን እንዳለች ማንንም አልጠየቀችም። መናገሯ በቃት።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው።

ስልኩ ሞላ። ቦታ የለም፣ አጥፊ እያለ ነዘነዛት። የልጆቹን ድምፅ ማጥፋት አላስችላት ሲል ሚሞሪዋን አውጥታ ግምጃ ቤት ገበያ ዳር ሱቅ ወዳለው ወደ ምንይችል ወሰደችው። ምንይችል ሥራው ለሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ እንዲያስቀምጥላት ነገረችው፤ እሱም ገለበጠ። ለማንም እንዳትሰጥ ማለትን ረሳች። እሱም አልጠየቀም። በማግስቱ ገበያ ነበር፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ገበሬው ሚሞሪውን በክር ቋጥሮ ይጋፋል፤ ምንይችል መራጭ አይደለም፣ ያለውን ሁሉ ይመርጥና ሚሞሪው ጢም እስኪል ይጭናል። ሦስተኛ «ለ» ክፍልም ከዘፈኑ ጋር ተጫነ።

ሰኞ ጠዋት ምሥራቅ በሽባባው ጋሪ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሽባባው ጋሪው ላይ ድምፅ ማጉያ ያሰረ፣ ከፈረሱ ደወል ይልቅ በዘፈኑ የሚታወቅ ሰው ነው። አንድ ዘፈን አለቀ። ቀጥሎ፣ «እንደምን አደራችሁ። እኔ ሸጋ ቢሻው እባላለሁ።»

ምሥራቅ የጋሪውን ጣውላ ጨበጠች።

«ቲቸር፣ ይችን አልሰማሻትም እንዴ?» አለ ሽባባው ወደ ኋላ ዞሮ። «አዲስ የወጣች ናት። ከገበያ ወዲህ ሌላ ነገር የሚሰማ ሰው የለም!»

«ምንድን ነው የምትለው?»

«አባትየው ፈረሰኛው ቢሻው ነው። በጥር የፈረሰኞች በዓል ዕለት ፈረሴ አነከሰ ብሎ የቀረው፣ አታውቂውም? ፈረሱ አላነከሰም! እሱ ነው የወደቀ!» ሽባባው ሳቁ ልጓሙን ሊያስጥለው ደረሰ። «በዋዜማው ለክብር እንግዶች እጅ ማንሣት እለማመዳለሁ ብሎ ልጓሙን ሲለቀው፣ ፈረሱ ሣር አይቶ አንገቱን ደፋ፤ ቢሻው ወደ ፊት ቀጠለ! ጭቃው ውስጥ! ቆይ፣ ያችን ቦታ ልመልስልሽ።»

መለሰው። ተሳፋሪው ሁሉ እንደ አዲስ ሳቀ። ደግሞ መለሰው። ከኋላቸው የመጣ ሌላ ጋሪ ላይም ያው ድምፅ ይሰማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይኸ ግን ከአፍ የወጣ ሳይሆን ምሥራቅ ያወጣችው ነው። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃባት ነበር።

እዚህ አገር ፈረሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መንገር ያስቸግራል። ቢሻው የፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው፤ ማኅበሩ ከአባቱ የወረሰው ነው። መውደቅ ለማንም ይደርሳል፤ የወደቀ ይነሣል፣ ይሳቅበታል፣ ያልፋል። በፈረስ ማመካኘት ግን ሌላ ነው። ጤነኛ ፈረስ አነከሰ ብሎ ያማ ሰው በማኅበሩ ዘንድ ጎረቤቱን ያማ ያህል ነው።

ክፍል ውስጥ የሸጋ ቦታ ባዶ ነበር። በማግስቱም ባዶ ነበር። አበረ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሸጋ ከእንግዲህ አትመጣም አሉ። አባቷ፣ ቤት ያየሽውን ሁሉ እዚያ ትዘከዝኪያለሽ ብሏት።»

ምሥራቅ ቀጥታ አቶ አዝመራው ቢሮ ገባች። ሁሉንም ነገር አንድ ሳታስቀር ተናገረች። አቶ አዝመራው መነጽራቸውን አውልቀው ተቆጧት፤ ስልክ ክፍል ውስጥ መግባቱን፣ ሳይፈቀድ መቀዳቱን፣ የልጅ ድምፅ ሱቅ መግባቱን አንድ በአንድ አነሡ። ምሥራቅ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ልክ ናቸውና ምን ትላለች?

«የሰውየውን ቅሌት እርስዎም ቢሰሙት…»

«ሰምቸዋለሁ» አሉ አቶ አዝመራው፤ ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ባለቤቴ… ሚሞሪ አስጭና…» ከዚያ ወዲያ መናገር አልቻሉም። ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ትከሻቸው እስኪናጥ ድረስ ሳቁ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠረጉና ተነሡ። «ነይ እንሂድ። ያለ ሽማግሌ አይሆንም። እኔ ነኝ ሽማግሌሽ።»

የቢሻው ቤት ከዲከረንሱ ተክል ወዲያ ነው። ደጃፉ ላይ ግንባሩ ነጭ የሆነው ቦራ ፈረስ ታስሯል፤ አራቱም እግሩ ደህና ነው። ሸጋ ውኃ በባልዲ ይዛ ፈረሱ ሥር ቆማ ነበር። መምህሯን ስታይ ባልዲውን አስቀምጣ ከፈረሱ ወዲያ ማዶ ዞረች፤ ከሆዱ ሥር እግሯ ብቻ ታየ።

ቢሻው ረጅም፣ ጠይም፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነው። ክፉ አልተናገረም። አስገባቸው፤ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀረበ፤ እሱ ግን እጁን አልዘረጋም። አብሮ ያልበላ ባለቤት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ጋሼ ቢሻው፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ምሥራቅ። «ልጅቷ አታሰሚ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ሳልጠነቀቅ ሱቅ የወሰድኩት። ስልክ አይስቅም ብዬ ነው ያናገርኳት።»

«ስልኩስ አልሳቀም» አለ ቢሻው። «የሳቀው ግምጃ ቤት ነው።»

አቶ አዝመራው ድንቹን አጥብቀው ተመለከቱ።

«ልጄ ብትማር አልጠላም» ቀጠለ ቢሻው። «ግን እቤቷ ተቀምጣ ከብት ብታይ ይሻለኛል። ገበያ ስወጣ ሰው እጁን እያነሣ ሰላም ይለኛል። ሁሉም! ሽባባው እንኳ! ይኸ ሰላምታ ነው?»

«አይደለም» አሉ አቶ አዝመራው በቀጭን ድምፅ።

«እርስዎ ግን ራስዎ ሰምተውታል?» አለች ምሥራቅ።

«ሲሳቅበት ሰምቻለሁ። ይበቃኛል።»

«እኔም አልሰማሁትም» አለች። «ማለቴ፣ ድምጿን ነው እንጂ ቃሏን አልሰማሁም። አዊኛዬ ደካማ ነው። ሰው ሁሉ ደግሞ ውድቀቱ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ መልሶ ይሰማዋል፤ ወደ ፊት የሄደ የለም። እባክዎን፣ ምን እንዳለችኝ እርስዎ ይንገሩኝ። ለኔ ነው የነገረችው፤ እኔ ግን አልገባኝም።»

ቢሻው በአገጩ ክፈችው አላት።

የሸጋ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቢሻው ጥርሱን ነክሶ አንድ በአንድ ተረጎመ።

«'አባቴ አዲሱን ልብሱን ለብሶ ወንዙ ዳር ወጣ' ትላለች። 'ማንም በሌለበት ለሰው እጁን ያነሣል' ትላለች። 'ክቡራንና ክቡራት ይላል' ትላለች…» ቆመ። «ይኸን እንኳ ብያለሁ።»

አቶ አዝመራው የጣሪያውን እንጨት ይቆጥሩ ጀመር።

«'ቦራው ሣር አየ። አባቴ ወረደ። ቦራው አልወረደም'» አለ ቢሻው። ከስልኩ የልጅቷ ሳቅ ተንከተከተ። እስካሁን ገበያው ሁሉ የሚመልሰው እዚህ ጋ ነበር። አሁን ግን ማንም አልመለሰውም፤ ድምፁ ቀጠለ፤ ዝግ አለ። ቢሻው መተርጎሙን አቆመ።

«ምን አለች?» አለች ምሥራቅ።

በቢሻው ፈንታ አቶ አዝመራው ተረጎሙት፤ አሁን ጢማቸው አይንቀጠቀጥም።

«'አባቴ ሲነሣ ጭቃውን አልጠረገም። መጀመሪያ የቦራውን እግር አራቱንም ዳሰሰ። አስደነገጥኩህ እንዴ አለው። ማታ ለሰው አነከሰ ብሎ ተናገረ፤ ቀጥሎ ጋጣው ገብቶ ገብስ ሰጠውና ይቅርታ ጠየቀው። ያየው ሰው ያለ አልመሰለውም። እኔ አይቸዋለሁ። ሳድግ እንደ አባቴ ፈረሰኛ እሆናለሁ፤ እጄን ግን አላነሣም።'»

ውጭ ፈረሱ አንዴ አነጠሰ።

«መልሽው» አለ ቢሻው። መለሰችው። ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያልቅ ወደ ምሥራቅ ዞረ። «ይች ልጅ እንዲህ ትናገራለች እንዴ? እኔ እኮ ከ'እሽ' እና ከ'እንቢ' በቀር አላውቅባትም።»

«እኔም 'አቤት' ብቻ ነበር የማውቅባት» አለች ምሥራቅ።

ቢሻው ድንች አነሣ። አቶ አዝመራውም እፎይ ብለው አነሡ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አለ ቢሻው እያኘከ። «ስልክሽም ያው ነው። ወሬውን ገበያ አደረሰው፤ ጠቡ የኔ ነው። ቦራውን ያማሁት እኔ ነኝ፤ ስሙን እኔው እመልስለታለሁ። ልጆቹ ፊት መጥቸ እውነቱን እናገራለሁ። እሱንም ቅጅው። እሱንም ያ ምንይችል ይጫነው!»

ምሥራቅ ስትወጣ ፈረሱ ጋ ቆመች። ወዲያ ማዶ ያሉትን ትንንሽ እግሮች እያየች፣ «ሸጋ፣ ያንቺን ድምፅ ሳልጠይቅሽ ለሰው ሰጠሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች። መልስ አልመጣም። ከንፈሯ እንኳ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ በፈረሱ ተከልሏል። ወደ ከተማ ሲመለሱ አቶ አዝመራው ነገሩ በሰላም አለቀ እያሉ ደስ ብሏቸው ያወሩ ነበር። ምሥራቅ ግን የአባትየው ነገር አለቀ እንጂ የልጅቷ አላለቀም ብላ አሰበች። አንዴ የታመነ ዱካ እግሩ ከተሰበረ ማን ይቀመጥበታል? ምንይችል በበኩሉ ሲነገረው ደነገጠ፤ ያለውን ሁሉ አጠፋ፤ ካሳ ብሎ ዘፈን በነፃ ልጫንልሽ አላት። አመስግና እንቢ አለች።

ቢሻው እንዳለው መጣ። ቦራውን ቀይ ግምጃ አልብሶ፣ ሸጋን ከፊቱ አስቀምጦ ግቢው ውስጥ ሲገባ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጥቶ አጨበጨበ። ሸጋ ወርዳ አንገቷን ደፍታ ከክፍሏ ልጆች ጋር ከዲከረንሱ ሥር ተቀመጠች። ምሥራቅ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች። አቶ አዝመራው ፕሮጀክተሩን ከነካርቶኑ ይዘው ወጥተው ነበር፤ ለምን እንዳወጡት እሳቸውም አላወቁም፤ ዱካ ሲያጡ ተቀመጡበት።

«ልጆች» አለ ቢሻው ልጓሙን እንደያዘ፣ «ቦራው አላነከሰም። የወደቅሁ እኔ ነኝ። በጤነኛ ፈረስ አመካኝቻለሁ፤ ይኸ ነውር ነው። የሆነው እንዲህ ነው። ወንዙ ዳር አንድ እጄን ብቻ እንዲህ አነሣሁ…»

«የለም አባዬ!»

ሁሉም ዞረ። ሸጋ ቆማለች። ማን አስነሣት የሚለውን እሷም የምታውቅ አትመስልም።

«ሁለቱንም ነው!» አለች፤ ያ ጥርት ያለ ሻካራ ድምፅ ግቢውን አቋርጦ ሄደ። «ሁለቱንም እጅህን ነው ያነሣኸው! በአንዱማ ብትይዝ አትወድቅም ነበር!»

ማንም አልሳቀም። ቢሻው አፉን ከፍቶ ልጁን አየ፣ የራሱን እጆች አየ፣ ከዚያ ከሆዱ የመነጨ ሳቅ ሳቀ። ያን ጊዜ ግቢው ሁሉ ተከተለ። ሸጋ ግን አልጨረሰችም። ልጆቹን አልፋ ወጣች፤ አባቷ የቆመበትን፣ ሣሩ ያለበትን፣ ጭቃው ያለበትን እያሳየች፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ክቡራንና ክቡራት እያለች ተረከችው፤ በአማርኛ ጀምራ ወደ አዊኛ ተሻገረች፤ ሲያሻት ተመለሰች። ሰው ሲስቅ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሳቁ ሲያልቅ ትቀጥላለች። ይኸን የት ተማረችው? ምሥራቅ እንባዋን መጥረግም አልፈለገች።

ታሪኩ ሲያልቅ አበረ ከሁሉ ቀድሞ ጮኸ። «ቲቸር፣ ተቀዳ?»

ምሥራቅ ስልኳን አየች። ጥቁር ነው። ባትሪው መቼ እንዳለቀ እግዜር ይወቅ።

«አልተቀዳም» አለች።

ልጆቹ ኡኡ አሉ። አቶ አዝመራው ካርቶኑ ላይ ሆነው ራሳቸውን ያዙ። ሸጋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ መምህሯን አየቻት፣ ቀጥላ ልጆቹን አየች።

«ታዲያ ምን ቸገረ?» አለች። «ተቀመጡ። ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ።»